አንድ ተኩል ስንዝር

መሐል ሜዳ
ጥቅምት 12 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ላይፕዚግ ለሚኖረው የአክስቴ ልጅ አባይነህ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሳይቀዘቅዝ ይድረስህ። እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን፤ ገብሱም ዘንድሮ ከውርጭ አምልጧል። አንተንም በሰው አገር ጤናህን ይጠብቅልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

ደብዳቤህ የመስቀል ሰሞን ደረሰኝ። የእናቴን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ ያልከውን ይዤ ወደ እማማ በዛወርቅ ሄድኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እናትህን በሐሳብህ ብቻ እንደምታያቸው ነገርኳቸው። «ሐሳቡ ለምን አይበቃውም? እዚያ ውስጥ ጥርሴ ሙሉ ነው» አሉኝ።

ሲቀልዱ ነው እንጂ ፈቅደዋል። ነገር ግን ልታውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። እማማ በዛወርቅ ለሰኔ ሚካኤል ቆብ ሊደፉ ነው። ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ከመነኮስኩ በኋላ ካሜራ ፊት አልቆምም፣ እሱ የዓለም ነገር ነው ብለዋል። ስለዚህ ፎቶው ከዚያ በፊት ካልተነሣ ለዘለዓለም ቀረ ማለት ነው። መነሣት የሚፈልጉትም በትልቁ ካሜራ፣ ሙሉ ቁመታቸውን ነው። ባለ ቀለም ፎቶ የሚያነሣው ጎረቤቴ ዱባለ አምና ለመታወቂያ ከደረት በላይ አንሥቷቸው ነበር። ፎቶውን አገላብጠው አይተው «የቀረውን የት ጣልከው?» ብለውታል። የአገራችንን ሰው ታውቀዋለህ። ርቆ የሄደ ሰው ፎቶ ሲልክ መጀመሪያ የሚታየው እግሩ ነው። ቆሞ ከታየ ደህና ነው ማለት ነው።

ችግሩ ሙሉ ቁመት የማነሣበት ትልቁ የእንጨት ካሜራ፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ትቶልኝ የሄደው፣ ታውሯል። ክረምቱን ሌንሱ ውስጥ እርጥበት ገባ። ተጣብቀው የነበሩት ሁለት መስታወቶች ተለያዩና መሐላቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት ሆነ። አሁን የማነሣው ሰው ሁሉ ጉም ውስጥ የቆመ ይመስላል። ደንበኞቼም አንድ አንድ እያሉ ወደ ዱባለ እየተሻገሩ ነው።

አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ አለ ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ከዚያ ርካሽ አሮጌ ሌንስ ብታገኝልኝ የእናትህም ፎቶ የእኔም እንጀራ ይድናል። አመራረጡን ልንገርህ። ከፎቶ ወረቀት ካርቶን ውስጥ ከማገኘው የመመሪያ ቅዳጅና ከራሴ ስሕተት የለቃቀምኩት ነውና አትሳቅብኝ።

ነሐሱ ቢያብለጨልጭ አትታለል። ላዩ ላይ ትንሽ ጭረት ቢኖረው ግድ የለም። ውስጡ የአየር እንክብል ቢታይህም አትፍራ፣ የድሮ መስታወት እንዲያ ነው። የማልፈልገው ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ያለበትን፣ ጠርዙ ላይ ቀስተ ደመና የሚታይበትን ነው። ወደ መስኮት አቅናውና በኋላው በኩል አጮልቀህ እየው። ከዚያ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ አጠገብ ያዘውና ወደ ፊት ወደ ኋላ አድርገው። ሩቅ ያለው ቤትና ዛፍ ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ጥርት ብሎ ሲወድቅ፣ ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ለካ። አንድ ተኩል ስንዝር ከሆነ የእኔ ነው። የካሜራዬ ወናፍ፣ ያ የሚተጣጠፈው ሆዱ፣ እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ ሁለት ስንዝር ነው፤ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ረስቼው አይደለም መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት። እማማ በዛወርቅ «እሱም ሙሉ ቁመቱን ይላክ። እኔ እግሬን ላሳየው እሱ ምን ቆርጦት ነው የማያሳየኝ» ብለዋል።

እኅትህ ጥሩሸዋ


ላይፕዚግ
ኅዳር 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩሸዋ፤

በጀርባሽ አዝለሽ ካሳደግሽው፣ አንዴም ጭቃ ላይ ከጣልሽው ልጅ የከበረ ሰላምታ ይድረስሽ። የቤትሽን በር ደንበኛ ያጨናንቀው። የእማዬን ዕድሜ ያርዝመው።

እማዬ ልትመነኩስ መሆኗን ሳነብ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ደስ ብሎኛልም። ብቻ የማውቃት በሻሽ ነው፣ በቆብ አላውቃትም። እንግዲህ ከሰኔ ሚካኤል በፊት የግድ ነው።

ትእዛዝሽን ይዤ ቅዳሜ ገበያ ሄድኩ። ድሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ እዞረው ነበር፤ አሁን በሩ አካባቢ ካሉት ነው የምጀምረው። ነሐስ ሌንስ በሽ ነው። አንዱ የእኛን ከበሮ የሚያህል፣ ፀሐይ የመሰለ ነበር። ዋጋውን ስጠይቅ የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ነገሩኝ። ሰዎች የሚገዙት መደርደሪያ ላይ ሊያስቀምጡት ነው አሉ።

ጥግ ላይ ዮአኪም የሚባል ሽማግሌ ያገለገለ የካሜራ ዕቃ ይሸጣል። በሻጩ ወገን ያለው እሱ፣ በገዢው ወገን ያለሁት እኔ ስንሆን ክርክራችን ይህን ይመስል ነበር።

«ሴትዮዋ ምን ላይ ነው የምታነሣው?»

«ወረቀት ላይ። ከወረቀት ወደ ወረቀት ነው የምትገለብጠው።»

«ታዲያ ብርሃኑን ስንት ሰከንድ ትሰጠዋለች?»

«በሰከንድ አይደለም። ክዳኑን ታነሣና አቡነ ዘበሰማያት ትላለች። ፀሐይ ከሆነ ትምጻእ መንግሥትከ ላይ ትከድነዋለች፣ ደመና ከሆነ እስከ ሲሳየነ ትሄዳለች።»

ቀጥሎ ምን እንደሚል ልጠብቅ ስል በሳቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «በል እንግዲያው መዝጊያ አያስፈልጋትም። እጇ መዝጊያ ነው። መዝጊያ የሌለው ሌንስ ደግሞ ማንም አይፈልገውም» አለና ከጠረጴዛው ሥር የስኳር ጣሳ የሚያህል ጥቁር ነገር ጎትቶ አወጣ። ይህ ከተማ የማተሚያ ቤት ከተማ ነበር። ሁለቱ ጀርመኖች ከተዋሐዱ ወዲህ ብዙዎቹ ተዘጉ፤ ትልልቅ ካሜራዎቻቸውም ተፈታተው ለቁራሌው ሄዱ። ዮአኪም ዕድሜውን በአንዱ ማተሚያ ቤት ካርታ ፎቶ ሲያነሣ የኖረ ነው። «መልኩ አያምርም፣ ብርሃንም እንደ ልብ አያስገባም። ግን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንዲት ፊደል አይደበዝዝበትም» አለኝ። ሃያ አምስት ዩሮ ጠርቶ በአሥራ ስምንት ተለያየን።

ስንት ሳንቲሜትር እንደምትፈልጊ ጠይቆኝ ነበር፤ ላዩ ላይ 36 የሚል ተቀርጾበታል። «የእኛ አገር ሰው በስንዝር ነው የሚለካው፣ አንተ ዝም በል» አልኩት። ቤቴ ወስጄ እንዳልሽው ግድግዳው ላይ ፊት ለፊቴ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ገልብጬ ጣልኩት። ለካሁ። ልቅም ያለ አንድ ተኩል ስንዝር። ሻጋታ የለውም፣ ቀስተ ደመና የለውም።

ለሥልጠና መጥታ የነበረች ኮከብ የምትባል ነርስ ለገና ወደ አገሯ ወደ ቀየት ስለምትመለስ ይዛልሽ ትመጣለች። በሱፍ ካልሲ ጠቅልዬዋለሁ፤ ካልሲው ለእማዬ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ትራም ጥገናውን ትቼ የመለዋወጫ ዕቃ ቤት ገብቻለሁ። ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው፤ ይሞቃል። ለእማዬ ከዚህ ጋር ፎቶ ልኬላታለሁ። ሙሉ ቁመት የሚያነሣ ፎቶ ቤት እዚህ ስለሌለ ነው፣ ትረዳኝ።

ታናሽሽ አባይነህ


መሐል ሜዳ
ጥር 20 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ አባይነህ፤

የጥምቀት በረከት ያለህበት ድረስ ይርጭህ። ሁላችንም በሰላም አለን።

ኮከብ የተባረከች ልጅ ናት። ሌንሱን ከደብረ ብርሃን እስከዚህ በሚኒባስ እቅፏ ላይ አድርጋ፣ «እንቁላል ነው» እያለች ሰው እንዳይገፋት እየተከላከለች አምጥታልኛለች። ካልሲውን ፈትቼ መስታወቱን ሳየው ውስጡ የበጋ ምንጭ ይመስላል። እውነቱን ልንገርህ፣ መግጠሚያውን እስክጨርስ እህል አልቀመስኩም።

ገጠምኩት። ወናፉን ዘረጋሁና ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ከኋላ ያለውን ደብዛዛ መስታወት ተመለከትኩ። ግድግዳው ፊት ያስቀመጥኩት ወንበር ገንፎ ሆኖ ይታያል። ዘረጋሁ፣ እስከ መጨረሻው ዘረጋሁ፣ ያው ገንፎ። ተናድጄ ካሜራውን ወደ በሩ ሳዞረው ከከተማው ማዶ ያለው ተራራ ከነእረኞቹ ጎጆ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሣሩ ሳይቀር ይቆጠራል። ሌንስህ ሩቁን ያያል፣ ቅርቡን አያውቀውም።

ያልኩህን በሐሳቤ ስመላልስ ቆየሁና በመጨረሻ ሌንሱን ግድግዳ አጠገብ ይዤ ራሴ ለካሁት። ሁለት ስንዝር። አንተ አንድ ተኩል ያልከው በእኔ ሁለት ሙሉ ነው። ያኔ ነው ራሴን የመታሁት። የአባትህ እጅ ነው የወጣብህ። እሳቸው በአንድ መዳፍ ሁለት ጠቦት ያንጠለጥሉ ነበር። እኔ ደግሞ የእናቴን እጅ ነው የያዝኩት፣ የልጅ እጅ የሚያህል። በማን ስንዝር እንደምትለካ ሳልነግርህ ቀረሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ወናፌ ሁለት ስንዝር ላይ ያበቃል፣ ሌንስህም ሁለት ስንዝር ላይ ነው ሩቁን የሚያየው። ቅርብ ለማየት ገና ወደ ፊት መውጣት ይፈልጋል፣ መውጫ ግን የለውም።

እማማ በዛወርቅ ለገበያ መጥተው ይህን ስነግራቸው የሳቁት ሳቅ ዱባለ ቤት ድረስ ተሰማ። «ልጄ ዓይን ላከልኝ፣ እሱም እንደ እሱ ሩቅ ሩቁን የሚያይ» አሉ። ከዚያ የላክኸውን ፎቶ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ ወጣ ብለው አዩት።

«ልጄ ነው። ጆሮው የእሱ ነው። ከዚህ በታች ግን የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«እማማ፣ እዚያ አገር ፎቶ ቤት ሁሉ እንዲህ ነው የሚያነሣው ይላል።»

«ትራሙ አጠገብ ቆሞ የላከውስ? ያኔ ፎቶ ቤቱ እግር ያነሣ ነበር?»

የዛሬ ሦስት ዓመት የላክኸውን ማለታቸው ነው፤ ሣጥናቸው ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ የላክኻቸው ሦስቱም ከደረት በላይ ናቸው። ቆጥረዋቸዋል። «እግሩን አይጥ በላበት እንዴ? ካልላከ እኔም አልነሣም፤ እንዲያ ብለሽ ጻፊለት» ብለው ነጠላቸውን አጣፉና ሄዱ።

እነሆ ጻፍኩልህ። በሌንሱ አትዘን፣ አንድ ዘዴ አስባለሁ።

እኅትህ ጥሩሸዋ


ላይፕዚግ
መጋቢት 24 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ጥሩሸዋ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። እኔ ደህና ነኝ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

በስንዝሩ ነገር ዮአኪም እስካሁን እየሳቀብኝ ነው። ሌንሱን መልሰሽ አትላኪው፣ ለመንገድ ከሚወጣው እዚህ ሌላ መግዛት ይረክሳል። ዮአኪም መዝጊያው የተሰበረ፣ አጠር ያለ፣ ሃያ አንድ ሳንቲሜትር የሆነ አንድ አለኝ ብሎኛል፤ ካልሆነ እሱን እልክልሻለሁ። አሁን ግን በሳንቲሜትር ጻፊልኝ።

እማዬ የእግሩን ነገር እንደዚያ ማለቷን ባትጽፊልኝ ጥሩ ነበር።

ደግሞ ሳስበው የፎቶው ነገር ያን ያህል አያስቸኩልም። እሷም በጾምና በጸሎት ላይ ናት፣ አናስቸግራት። ከፎቶው ይልቅ ድምፅዋን በቴፕ ቅጂልኝ። ሰላምታም ይሁን ምርቃት፣ የፈለገችውን ትናገር። እኔም ድምፄን ቀድቼ እልክላታለሁ። ያ ይበቃናል።

አባይነህ


መሐል ሜዳ
ሚያዝያ 23 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ አባይነህ፤

እንኳን አብሮ ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰን። ዶሮው ላይ ስምህን ጠርተን የአንተን ብልት ለእማማ በዛወርቅ ሰጥተናል። በሉልህ።

ቴፕ ያልከውን ነገርኳቸው። «ድምፅ እግር የለውም። ብልህ ነው ልጄ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አሁን የምሥራቹን ስማ። ሌንሱ አየ። አናጢውን ገሠሠን ታውቀዋለህ፣ የቤተ ልሔሙን በር የሠራው። ካሜራውን ተሸክሜ ሄጄ «ወናፉ አጥሮብኛል፣ ትቀጥልልኛለህ?» አልኩት። ዞሮ ዞሮ አየውና «ወናፉን ለምን ትነኪያለሽ? ሆዱ ካልደረሰ አፍንጫውን አስረዝሚው» አለኝ። አንድ ጋት የሚረዝም የጥድ ሣጥን ሠርቶ፣ ውስጡን በጥላሸት አጥቁሮ፣ ከካሜራው ፊት ገጠመው። ሌንሱ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ዋጋውን ስጠይቀው «አንሺኝና ይበቃኛል፣ ግን ከነመዶሻዬ» አለ።

እንዳለውም ከነመዶሻው ቆመ። መስታወቱ ላይ ሳየው የጢሙ ፀጉር አንድ በአንድ ይለያል። አባይነህ፣ ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር እንዲህ ያለ ጥራት አላየሁም። መዶሻው እጀታ ላይ የተሰነጠቀው እንኳ ወጥቷል። ሽማግሌው ጓደኛህ እውነቱን ነው።

አንድ ጉድ ግን አለው። ሌንሱ ረጅም ስለሆነ ሙሉ ሰው ለመያዝ ወደ ኋላ መራቅ ይፈልጋል፣ ክፍሌ ደግሞ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሰውየው ቤት ውስጥ ይቆማል፣ ካሜራዬና እኔ በሩን ከፍተን መንገድ ላይ ነን። ለፋሲካ ገበያ ሰው ተሰልፎ ሲነሣ፣ አንዱ ተራው ደርሶ ቆሞ ሳለ አንድ አህያ ጭነቱን ይዞ በመሐል አለፈ። ብርሃኑ ረጅም ጊዜ ስለሚፈልግ አህያው ወረቀቱ ላይ የቀረው ጭስ ሆኖ ነው፤ በሰውየው ሆድ ላይ ያልፋል። ልድገምልህ ስለው «ተይው፣ ሀብት ነው» ብሎ ይዞት ሄደ። ዱባለ ራሱ መጥቶ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ አየ። «ሴትዮ፣ ይኼ ነገር ኃጢአት ሁሉ ያሳያል» አለኝ። ስለዚህ አጭሩን ሌንስ አትላክልኝ። ይኼው ይበቃኛል።

አሁን ስለ አንተ። እኔ ብዙ አላወራም፣ ታውቀኛለህ። ግን በሥራዬ አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ካሜራ ፊት የሚቆም ሰው አንዱ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል፣ ሌላው በጎን ይዞራል፣ ሌላው ወንበር ስጪኝ ይላል። ምን እንደሚደብቁ አልጠይቅም፣ አስተካክዬ አነሣቸዋለሁ። አንተንም አልጠይቅህም። ብቻ ሥራህን ለውጠህ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው ብለሃል፣ ገበያውን ድሮ እዞረው ነበር ብለሃል። እናትህ ማንበብ ባይችሉም ሳነብላቸው ይሰማሉ።

ለሰኔ ሚካኤል የቀረው አርባ ዘጠኝ ቀን ነው። ቃላቸውን አያጥፉም። አንተ ካልላክህ አይነሡም፣ ከመነኮሱም በኋላ አይነሡም። እኔ ካሜራውን አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

እኅትህ ጥሩሸዋ


ላይፕዚግ
ግንቦት 13 ቀን 1995 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩሸዋ፤

የገሠሠን እጅ ይባርክልኝ። ስለ አፍንጫው ለዮአኪም ስነግረው ተነሥቶ ቆሞ ነው ያጨበጨበው።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ቅዳሜ ዮአኪም ዘንድ ሄጄ «ሙሉ ቁመቴን አንሣኝ» አልኩት። ጓሮው ውስጥ አንቺ ያለሽን የመሰለ ትልቅ ካሜራ አለው። ከአንቺ ሌንስ ጋር ከአንድ ማተሚያ ቤት የወጣ፣ ቁጥሩ እንኳ ተከታታይ የሆነ ሌላ ሌንስ ነበረው፤ እሱን ገጠመበት። እንደ አንቺ ወረቀት ላይ አነሣኝ። የሚከድንበትን ጊዜ እኔ ነኝ በአቡነ ዘበሰማያት የቆጠርኩለት፤ ደመና ስለነበር ሲሳየነ ድረስ ሄድን።

ይኸው ፎቶው። ትልቅ ስለሆነ በሁለት ካርቶን መሐል አድርጌዋለሁ። ልብሴ ለሠርግ የምለብሰው ነው። ለእማዬ ስጫት። ሁለት እግር፣ ሁለት ጫማ፤ ትቁጠራቸው። አይጥ አልበላብኝም በያት።

እንግዲህ ተራው የእሷ ነው። ለሚካኤል እንዲደርስ በፍጥነት እልከዋለሁ። እግዚአብሔር ያድርስልኝ።

ታናሽሽ አባይነህ


መሐል ሜዳ
ሰኔ 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለወንድሜ አባይነህ፤

የሚካኤል ጥበቃ አይለይህ። ይህን ስጽፍ እማማ በዛወርቅ መነኩሲት ከሆኑ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ቆቡ አምሮባቸዋል፤ ራሳቸውም ያውቁታል፣ በመስታወት አላየሁም ይላሉ እንጂ።

ፎቶህ ሰኔ 5 ቀን ደረሰ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ዮአኪምን እጅህ አይንቀጥቀጥ በልልኝ። የሸሚዝህ ቁልፍ ላይ ያለው ክር ይታያል። ቁመትህ፣ ትከሻህ፣ ያ የአባትህ እጅ፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ወደ ታች አየሁ፤ አይቼም ፎቶውን መልሼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት። ምንም አልናገርም ብዬ ወሰንኩ።

ቅዳሜ መጡ። ለእኔ የሥራ ማያ የሆነውን አጉሊ መነጽር ከጠረጴዛው ላይ ራሳቸው አነሡ። በር ላይ ተቀምጠው ከራስህ ጀምረው ቀስ እያሉ ወረዱ። «ሸብቷል» አሉ። «ከስቷል፣ ግን በልቶ የከሳ ነው» አሉ። እግርህ ጋ ደረሱ። መነጽሩን ከአንዱ ጫማ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደ አንዱ ይወስዱታል።

«ጥሩሸዋ፣ እስቲ ነይ። የቀኙን ጫማ እይው። ጣቱ ጋ ታጥፏል አይደል? ሰው የሚራመድበት ጫማ እንዲህ ይታጠፋል።»

«አዎ እማማ።»

«የግራው አንድ መስመር የለውም። እንደ ሱቅ ዕቃ ነው።»

«አዲስ ይሆናል» አልኳቸው።

«አንዱን ጫማ ብቻ ማን ይገዛል?» አሉኝ። መነጽሩን አስቀምጠው «ውስጡ እንጨት ነው» አሉ።

አላለቀሱም፣ አትፍራ። የፎቶውን ጠርዝ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «ለእኔ ብሎ ነው የደበቀው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለእኔ ብሎ አንገቱን ብቻ ሲልክልኝ» አሉና፣ «በይ ካሜራሽን አውጪ» ብለው ተነሡ።

አሁን ደግሞ አንተ የማታውቀውን ልንገርህ፤ እንድነግርህ ተፈቅዶልኛል። እናትህ ካለፈው ክረምት ወዲህ ጉልበታቸው አይታዘዝላቸውም። ገበያ የሚመጡት በበቅሎ ነው፣ ከበቅሎ ወርደው በዱላ ነው። እንዳትጽፊለት ብለው አስምለውኝ ነበር። የዚያን ቀንም ዱላውን በሩ ጀርባ አስደግፈው፣ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ግድግዳው ፊት ባዶ እጃቸውን ቆሙ። እኔ መንገድ ላይ ሆኜ ክዳኑን አነሣሁና አቡነ ዘበሰማያት አልኩ። ደመና ነበር፣ እስከ ሲሳየነ መሄድ ነበረብኝ። ፈቃድከ ላይ ስደርስ እንደ ሸምበቆ ሲወዛወዙ አየሁ።

ወረቀቱን አጥቤ ሳወጣው ፊታቸው ሁለት ሆኗል። አሳየኋቸው።

«ይኼ ማነው ከእኔ ጋር የቆመው?»

«ራስዎ ነዎት እማማ። ተንቀሳቀሱ። ይኼ ሌንስ ሰው ረግቶ ካልቆመለት አይወድም።»

«ዱባለ ያነሣኝ እኮ ቀጭ አድርጎ ነው።»

«የዱባለ ካሜራ እግር አያሳይም።»

ሳቁ። ወደ በሩ ጀርባ ተመለከቱ፣ ወደ አንተ ፎቶ ተመለከቱ። «በይ አምጪው» አሉኝ። ዱላውን ሰጠኋቸው። ከፊታቸው ተከሉትና ሁለት እጃቸውን ላዩ ላይ አነባብረው ቆሙ። ቀሚሳቸውንም ትንሽ ከፍ አድርገው፣ አብጦ የታሰረው ቁርጭምጭሚታቸው እንዲታይ አደረጉ። «ይታያል?» አሉኝ፤ ይታያል አልኳቸው። ክዳኑን ሳነሣ ጸሎቱን እሳቸውም ከውስጥ አብረውኝ ይሉ ነበር። ሲሳየነ ላይ ስከድን እሳቸው አላቆሙም፣ እስከ አሜን ጨረሱት። አንድ ቅንድብ አልተነቃነቀም።

ፎቶው ከዚህ ጋር አለ። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እየው፤ የዱላው ቅርፊት የተላጠበት ሳይቀር ይታያል። አጉሊ መነጽር ከሌለህ ዮአኪም ያውስህ።

ከመመንኮሳቸው በፊት የነበራቸውን ሁሉ አከፋፈሉ። በጉን ለማኅበሩ፣ ጋቢውን ለጎረቤት፣ የላክኸውን ካልሲ ለገሠሠ ሰጡት፤ እግሩ ትንሽ ነው ብለው። ፎቶህን ግን ለማንም አልሰጡም። የንስሐ አባታቸው «እሱስ?» ሲሏቸው «ይኼማ ዕቃ አይደለም» አሏቸው።

ይህን ጻፊለት ያሉኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ። «እግርህ እንዴት እንደሄደ ራስህ ጻፍልኝ፣ በማንም አታስጽፍ። ስትመጣ ቀስ ብለህ ና። እኔም ወጥቼ የምቀበልህ ቀስ ብዬ ነው።»

እኅትህ ጥሩሸዋ